ሁለት ይበቃል አሉ

ካውያ ያንን ሰውዬ ይቅር ብላው አታውቅም። ስሙን አልሰማችውም፣ መልኩም ከጠፋባት ቆይቷል። የቀራት ማጅራቱ ብቻ ነው። የመጀመሪያና የመጨረሻ ልጇን አርግዛ አልትራሳውንድ ልትታይ ስትገባ፣ ሰውዬው ፊቱን ለማሽኑ፣ ጀርባውን ለሷ ሰጥቶ ተቀምጦ ነበር። ያንን ቀዝቃዛ ቅባት ሆዷ ላይ ለድፎ ወዲያ ወዲህ ሲያንሸራትትባት ቆየና የወረቀት ፎጣ ወረወረላት። ዞር እንኳን ሳይል፣

"ምንም የለም፣ ተነሺ" አላት።

ተነሳች። ሆዷን ጠራረገች። "ምን ማለትህ ነው?" ልትለው አፏን ስትከፍት ባለተራዋ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ወረቀቷን ይዛ ወጣች። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጫጫረ ነው። እሷ ደግሞ ከሦስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፣ አማርኛውንም ቢሆን ጣቷን እያስከተለች ነው የምታነበው።

ምንም የለም ማለት ምንም የለም ማለት ነው። በቃ፣ ሆዷ ባዶ ነው። ያበጠው ነፋስ ነው፣ ወይ በሽታ ነው። ለባሏ አልተናገረችም፣ ምን ብላ ትናገር? እህቷ የላከችላትን የሕፃን ልብስ ሰብስባ ለጎረቤት ሰጠችው። ከሥራዋ ግን አልቀረችም። አንድ ቀን የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ የሆነ ነገር ከውስጥ መታት። ቀጥ ብላ ቆመች። ደግሞ መታት። ጮኸች፤ አንሶላውም እዚያው ከካውያው ሥር ተቃጠለ። ልጅቷ እንደ ፈረስ እየረገጠች መጣችና ስትወለድ የሚለብስ ነገር ስላልነበራት በአባቷ ሸሚዝ ተጠቀለለች።

"እና ምን አጣሽ? ልጅሽ ይኸው በሰላም ተወለደችልሽ" ይላታል ሰው ሁሉ። ያጣችውንማ እሷ ታውቀዋለች። ከነሕይወቷ ያለችውን ልጅ ሆዷ ውስጥ ይዛ ያለቀሰችበትን ጊዜ ማን ይመልስላታል?

ካውያ ብለው ስም ያወጡላት የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሰዎች ናቸው። አንድም ልብስ ስለምትተኩስ፣ አንድም በምላሷ ሰው ስለምትተኩስ። ብትቆጣም አልተዉትም፤ እያደር ስሙም እሷን መሰለ።

አሁን ያቺ በሸሚዝ የተጠቀለለችው ልጅ አድጋ፣ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ሆና፣ አንድ ረጅም የአውቶቡስ ሹፌር አግብታ አረገዘች። ካውያ ደስታዋን ለሰው አላሳየችም። ፍርሃቷን ግን የት ትደብቀው?

የመጀመሪያው አልትራሳውንድ በጊዜ ታይቶ፣ አንድ ልጅ ነው፣ ወሩም ይሄ ነው ተባለ። ለሁለተኛው፣ እርግዝናው አምስት ወር ሲገባ፣ ካውያ ከልጇ ጋር ጤና ጣቢያ ሄደች። "ባለጉዳይ ብቻ" ብለው ውጭ አስቀሯት። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀመጠች። በሩ በደንብ አይገጥምም ነበር፤ ከውስጥ ድምፅ ሾልኮ መጣ።

"ምንም የለም። ጨርሻለሁ፣ ተነሺ።"

ካውያ ከወንበሩ ተነሳች። የሌላ ሰው ድምፅ ነው፣ የወጣት ልጅ ድምፅ ነው። ቃሉ ግን ያው ነው።

ልጅቷ ወጣች። እናቷን አልፋ ወደ ሽንት ቤት ሮጠች። ካውያ ከኋላዋ ተከትላ በሩ ላይ ቆመች።

"ምን አለሽ?"

"እማዬ፣ ልሽና እንጂ!"

"እየሸናሽ ንገሪኝ።"

"ጨረስን አለኝ። አዋላጇ ሲስተርም አልትራሳውንድ ከዚህ በኋላ አያስፈልግሽም ብላኛለች። ሁለት ይበቃል አለች።"

"አያስፈልግሽም? ለምን?"

"ምንም ስለሌለ ነዋ!"

ካውያ ግድግዳውን ተደገፈች።

ከዚያ ቀን ወዲያ እጇ ሥራ አልይዝ አለ። የትራስ ጨርቅ ገልብጣ ትተኩሳለች፣ ሸሚዝ ታሳርራለች። አብራት የምትሠራው አጣቢ ከማሽኑ እርጥቡን ልብስ እየጎተተች ታያታለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን ሆነሽ ነው? ልብሱን ለበቀል ነው የምትተኩሺው?"

"ሁለቴ ብቻ አይተው ይበቃል ይበሉ? እስከ ዘጠኝ ወር ድረስ ማን ያየዋል?"

"የኔዋ ምራት በየወሩ ነበር የምትታየው። ፎቶውን ሁሉ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች።"

"አየሽ! እና ልጁስ?"

"ልጁማ ያው ቁርጥ አባቱን። ያን ሁሉ ሲታይ ከርሞ አንድ ሰው እንኳን አፍንጫውን አላቃናለትም።"

አጣቢዋ በራሷ ቀልድ እስክታስል ሳቀች። ካውያ ግን ከወሬው ሁሉ "በየወሩ" የሚለውን ብቻ ነው የሰማችው። ለሌላው ሰው ልጅ በየወሩ፣ ለኔ ልጅ ሁለቴ! እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር አይተው ነው የደበቁን።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ መንገድ ዳር ያለ የግል ክሊኒክ ገብታ ቀጠሮ አስያዘች። ልጅቷ አጉረመረመች፣ ግን ሄደች። እዚያ ያለው ሐኪም ማሽኑን አዙሮ አሳያቸው፤ ይሄ እጁ ነው፣ ይሄ ጉልበቱ ነው፣ ደህና ነው አላቸው። ካውያ ቤቷ እስክትደርስ እፎይ ብላ ቆየች። እራቷን ሳትጨርስ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባት። ደህና የነበረው ዛሬ ከሰዓት ነው። አሁንስ? ያ ሐኪም አሁን የሚሆነውን በምን ያውቃል? እንደነጋ ሌላ ቀጠሮ አስያዘች።

ይህን ልትነግራት ልጇ ቤት ስትሄድ ልጅቷ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከሕፃናት ጋር ስትጮህ ውላ ድምፅዋ ሻክሯል። ባሏ ሳህን እያጠበ ነው።

"ለሐሙስ አስይዤልሻለሁ" አለች ካውያ፣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

"ምኑን?"

"አልትራሳውንዱን።"

ልጅቷ እግሯን ከበርጩማው አወረደች።

"እማዬ፣ እኔ እርጉዝ ነኝ ወይስ ቴሌቪዥን? በየሳምንቱ የምትከፍቺኝ!"

አማቹ ሳቁን ለማፈን የቧንቧውን ውኃ ጨመረው።

"አንተ አትሳቅ! ልጁ ያንተም ነው!" አለችው ካውያ።

"እማማ፣ እኔ ምን አልኩ? ሳህን ነው የማጥበው" አለ፣ ጀርባውን እንደሰጣት።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። "ስሚኝ" አለች። "አንቺ ስትፈሪ እኔም እፈራለሁ። ልንካው፣ ርግጫውን ልቁጠር፣ ካልተራገጠስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ሲስተር ደህና ነሽ ትለኛለች፣ አንቺ ደግሞ ፊትሽን ቀብር እንደመጣ ሰው ታደርጊብኛለሽ። ሐሙስ አልሄድም። ደግሞ ሌላ ቀጠሮ ከያዝሽ የባሌ እናት ጋ ሄጄ ነው የምወልደው። ምጤ ሲመጣም አላስጠራሽም።"

አንዲት ልጇ ነች። እሷ በሌለችበት፣ ሌላ ሴት እጇን ይዛት ስትወልድ ታየቻት። ቦርሳዋን እንደያዘች ወጣች።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ ሽርጧን እንኳን ሳትፈታ፣ ጤና ጣቢያ ሄዳ አዋላጇ ቢሮ ገባች።

"ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጄ ምን ሆና ነው አልትራሳውንድ የከለከላችኋት?"

አዋላጇ ቀና አለች። "ማን ከለከለ፣ እናቴ? አያስፈልጋትም ነው ያልነው።"

"አያስፈልገውም የሚባለው ተስፋ የተቆረጠበት ሰው ነው!"

አዋላጇ ወንበር ሳበችላት። "ይቀመጡ። የልጅዎ እርግዝና ጤነኛ ነው። ጤነኛ ለሆነች እርጉዝ እኛ ሁለት ነው የምናየው። የመጀመሪያው ወሩን ለማወቅና አንድ ይሁን መንታ ለመለየት ነው። ሁለተኛው አካሉን ለማየት ነው፤ ጭንቅላቱ፣ ልቡ፣ አከርካሪው፣ የእንግዴ ልጁም የት እንደተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ በየቀጠሮዋ በእጄ እዳስሳታለሁ፣ ሆዷን በሜትር እለካለሁ፣ የልጁን ልብ አዳምጣለሁ፣ ግፊቷን አያለሁ። ሆዷ አላድግ ካለ፣ ግፊቷ ከጨመረ፣ እኔው ራሴ መልሼ አስገባታለሁ። ያኔ ሦስትም አራትም ይሆናል። ከደማች ወይ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ያኑ ጊዜ ትምጣ።"

"በየሳምንቱ ቢታይስ ምን ይጎዳል?"

"እርስዎ ምን ተጠቀሙ? ክሊኒክ ይዘዋት እንደሄዱ ነግራኛለች። ያን ቀን ተኙ?"

"አልተኛሁም።"

"አራተኛውን ቢያዩስ ይተኛሉ?"

ካውያ ሽርጧን አየችው። ጫፉ ላይ የካውያ ቃጠሎ ነበረው። መልሱን ታውቀዋለች።

"ምኑን ነው እንዲህ የፈሩት?"

ይህን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ማጅራቱን፣ ፎጣውን፣ ለጎረቤት የተሰጠውን ልብስ፣ የተቃጠለውን አንሶላ ሁሉ ዘረገፈችላት። አዋላጇ መጀመሪያ ፈገግ ልትል ነበር፣ ኋላ ተወችው።

"ችግር የለም ማለቱ ነበር እኮ" አለች ቀስ ብላ።

"አሁንማ አውቃለሁ! ልጅቷ ከረገጠችኝ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ማወቅ የነበረብኝ ግን ያኔ ነው። እዚህ ማሽኑ ላይ ያለው ልጅም ያንኑ ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።"

"እኔም ሳልለው አልቀርም" አለች አዋላጇ። "ይንገሩት።"

"እኔ? አንቺ አትነግሪውም?"

"እኔ ስነግረው ስብሰባ ይመስለዋል።"

ካውያ ኮሪደሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ክሊኒኩ ደወለች። "የሐሙሱን ሰርዙት" አለች። "አይ፣ ወደ ሌላ ቀንም አትቀይሩልኝ። ሰርዙት።" ስልኩን ዘግታ ወደ አልትራሳውንዱ ክፍል ሄደች። በሩን ቆረቆረችና ገባች።

ባለሙያው አንዷን ሸኝቶ ሌላዋን እስኪጠራ ቆሞ ዳቦ እየበላ ነበር። አፉ እንደሞላ አልጋውን አሳያትና፣ "ማዘር፣ እላይ ይውጡ" አለ።

"ልታይ አይደለም የመጣሁት፣ ልነግርህ ነው። ያን ሰሞን ልጄን አይተህ 'ምንም የለም' አልካት።"

ልጁ ዳቦውን ዋጠ። "ከሌለ ጥሩ ነዋ ማዘር! ምንም ችግር የለም ማለት እኮ ነው።"

"እና 'ችግር' የምትለዋን ቃል ለማን ነው ያስቀመጥካት?"

ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። ከማን ጋር እንደሆነ ገባው መሰል፣ ዳቦውን በወረቀት ጠቅልሎ አስቀመጠ። እሷም ሳትቀመጥ የራሷን ነገር አሳጥራ ነገረችው።

"ማዘር፣ ልሙት፣ እንደዛ ብዬ አስቤው አላውቅም" አለ። "ግን ደህና ነው ማለትም እፈራለሁ። ይሄ ማሽን ሁሉን አያሳይም። ደህና ነው ብያት ኋላ አንድ ነገር ቢገኝስ?"

ካውያ ይህን አልጠበቀችም። እሷ ንቀት ነው ብላ ነበር ያሰበችው። ልጁም ይፈራል ለካ! ከዚህ ሁሉ ሽቦና መስታወት ጋር ተቀምጦ እሱም ይፈራል። ማሽኑን አየችው። ስንት ጊዜ ብታስከፍተው ልጇን እስከ ምጥ ድረስ ዋስ አይሆናትም።

"እሱን በላቸዋ" አለችው። "'ማየት እስከምችለው ድረስ ችግር አላየሁም' በል። ፊትህንም አዙርላቸው።"

"ረጅም ነው፣ ማዘር። ወረፋው ደግሞ ይታይዎታል።"

"የኔም የለቅሶ ጊዜ ረጅም ነበር።"

ልጁ አንገቱን አከከ። "እሺ" አለ። "ልሞክር።"

"ልሞክር" የሚለው አልጣማትም። ወጥታ ለልጇ ደወለች።

"የሐሙሱን ሰርዤዋለሁ።"

"የምርሽን ነው?"

"የምሬን። ብቻ መንቀሳቀሱ ከቀነሰ ያኑ ጊዜ—"

"እማዬ!"

"ሲስተር ናት ያለችው! እኔ አፌን አልከፈትኩም።"

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። "በሚቀጥለው ቀጠሮዬ አብረሽኝ ትመጫለሽ? ሲስተር ልቡን ስታሰማኝ ትሰሚዋለሽ።"

"እመጣለሁ" አለች ካውያ።

ሥራ የምትገባበት ሰዓት አልፏል። ከበሩ አጠገብ፣ አግዳሚው ላይ፣ ሆዷን በሁለት እጇ የያዘች ልጅ እግር ሴት ከንፈሯን እየነከሰች ተራዋን ትጠብቃለች። ካውያ አለፈቻት፣ ከዚያ ተመልሳ አጠገቧ ተቀመጠች።

"የመጀመሪያሽ ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ስሚኝ የኔ ልጅ። እዚያ ውስጥ ያለው ልጅ ክፉ አይደለም፣ ግን ቃል ይቆጥባል። 'ምንም የለም' ካለሽ እንዳትነሺ። 'ምኑ ነው የሌለው?' በይው። እስኪመልስልሽ አልጋውን ያዢ።"

"ቢቆጣኝስ?"

"ይቆጣ። እኔ እዚሁ ነኝ።"

ልጅቷ ተጠርታ ገባች። ካውያ ሽርጧን ፈታ ጭኗ ላይ አጠፈችና አግዳሚው ላይ ቀጥላ ወዳለችው ሴት ጠጋ አለች።