እንደ ታናሽ እህቷ

ቅናት ሰው ቢገድል ኖሮ ታላቂቱ እህት ገና ድሮ ተቀብራ ነበር።

ሁለቱም ሳንባቸው የተበላሸው በአንድ ጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ጎን ለጎን ቆመው ያንኑ ብናኝ ሲምጉ። የጡረታው መሥሪያ ቤት ግን ሳሉ ከሥራ የመጣ አይደለም ብሎ ሁለቱንም መለሳቸው። ታላቂቱ «ከመንግሥት ጋር ማን ይሟገታል!» ብላ ቤቷ ገባች። ታናሺቱ ይግባኝ ብላ ረታች፤ ጡረታዋም ተከበረላት። ሰፈሩ ስሟን ትቶ «ወይዘሮ ይግባኝ» ይላት ጀመር።

ይሄኔ የታላቂቱ አንጀት አረረ። አዝላ ያሳደገቻት እሷ! ፋብሪካ ያስገባቻት እሷ! አሁን ደግሞ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛት «የወይዘሮ ይግባኝ እህት» ይላታል። ኧረ ሞት ይሻላል!

ተናዳ ጡረታ ቢሮ ሄደች። «ለእሷ የተፈቀደው ለእኔ የሚከለከለው ምን በድዬ ነው?»

ሠራተኛው ቀና እንኳ ሳይል «ፍርዱ የእህትዎ ነው፣ እማማ። ለረታን ሰው እንከፍላለን፤ ለሌላው የራሳችን መመሪያ አለን» አላት።

የቢሮው ልማድ ይኸው ነበር። ይግባኝ ላይ የተረታበትን ነገር፣ ለሚቀጥለው ባለጉዳይ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይከለክላል። ጉድ እኮ ነው!

ኋላ ሕግ ወጣ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የወሰነውን መሥሪያ ቤቶች በተመሳሳይ ጉዳይ ሁሉ እንዲከተሉ የሚያስገድድ። ቢሮው አሁንም ሲያንገራግር ታላቂቱ ከሰሰች። መሥራት አቅቷታል፤ ይቺ ጡረታ ከቀረች የታናሿን እጅ ልታይ ነው። ከዚያስ አፈር ይሻላታል።

የችሎቱ ቀን ታናሺቱ ልትመሰክርላት አምራ ተውባ መጣች። እሱም አናደዳት።

ዳኛው «ሕመምዎ እንደ እህትዎ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ታላቂቱ ቱግ አለች። «እንደ እሷ? እሷ ደግሞ ምኗን ታመመችና! እኔ ነኝ እንጂ የታመምኩት! ከእሷ ጋር በምን እመሳሰላለሁ?»

የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይመዝገብልን! ጉዳዩ እንደማይመሳሰል ራሳቸው አምነዋል። ፍርዱን የመከተል ግዴታ የለብንም።»

ታናሺቱ ክው አለች። «እትዬ፣ በሞቴ፣ አንድ ነን በያቸው» አለች በሹክሹክታ።

እሷ ደግሞ ልታስተምረኝ! አለች ታላቂቱ በሆዷ። ግን ዝም ካለች ጡረታው ቀረ። ከተናገረች ደግሞ «እንደ እሷ ነኝ» ልትል ነው፤ ያውም በሰው ፊት፣ ያውም እሷው ቁጭ ብላ እየሰማች።

«እንደ እሷ ነኝ» አለች አጉረምርማ።

«አልተሰማም፤ ይድገሙት» አሉ ዳኛው።

«እንደ ታናሽ እህቴ ነኝ አልኩ እኮ!» ብላ ጮኸች፤ እንባዋ መጣ።

ሁለቱንም የመረመረው ሐኪም አንድ ሕመም ነው ብሎ መስክሮ ስለነበር ተፈረደላት።

ከችሎት ሲወጡ አንዲት የፋብሪካው ሴት እየሳለች ተጠጋቻት። «እማማ፣ እኔም ልከስ ነው። የእርስዎን ፍርድ ልጥቀስ?»

የእርስዎን ፍርድ! ታላቂቱ ልቧ ሞቅ አለ። አዎ ልትል አፏን ከፈተች። ታናሺቱ ከኋላ ቦርሳዋን ይዛላት ቆማለች።

«የእኔ አይደለም» አለች ታላቂቱ ፊቷን አጥቁራ። «የእሷ ነው። እሷን ጠይቂያት።»