ኦቦ ነገሳ የተዋሱት አልጋ

የሺወርቅን ትኋን አሰለቻት ማለት ያንሳል፤ አንገፈገፋት። በሦስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ የአልጋውን ጠፍር ፈትታ የጣውላውን መጋጠሚያ በፈላ ውሃ ቀቅላለች፤ ፍራሹንም ጓሮ አስጥታ ስፌቱን በመርፌ ስትለቅም ውላለች። ይህን ሁሉ ያደረገችው ከአጥር ጀርባ ተደብቃ ነው። ባሏ ጌታቸው ትኋን አለባቸው መባልን ከትኋኑ አብልጦ ይፈራል። የሰበታ ዝናብ ደግሞ ፍራሹ ሳይደርቅ ከተፍ ይላል። በሳምንቱ ሕፃኗ እንደገና ተዥጎርጉራ ትነሳለች።

ጌታቸው የምክትል ወረዳው ጸሐፊ ነው፤ ብልሃት አያጣም። ለወባ ቤት ከሚረጩ ሰዎች ለምኖ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዲዲቲ አመጣና የልጅቱ አንሶላ ላይ ልነስንስ አለ። ቀኑን ሙሉ ጣቷን የምትጠባ ልጅ! የሺወርቅ ከእጁ ቀምታ ወደመጣበት እንዲመልሰው አደረገች። እሱም ሁለት ቀን አኮረፋት።

ክረምት መግቢያ ላይ ጎረቤታቸው ኦቦ ነገሳ ታመው፣ የመደቡ ብርድ እንዳይመታቸው አልጋውን ተውሰው ነበር። ያን ጊዜ የሺወርቅ ልትናገር አፏን ስትከፍት ጌታቸው አፈጠጠባትና ዝም አለች። አልጋው ከወር በኋላ ተመለሰ። ኦቦ ነገሳ ትናንት ተቀበሩ።

ዛሬ ከተጂ ለመጡ ለቀስተኞች አልጋው እንደገና ተፈለገ። ለቅሶ ቤት አልጋ የከለከለ ሰው በሰፈሩ ታይቶ አይታወቅም። ጌታቸው ጠፍሩን እየወጠረ፣ ለሦስት ቀን ነው፣ ምንም እንዳትተነፍሺ አላት። ጠዋት ከዚያው ጠፍር ሥር ሁለት ገድላለች። በባሏም በራሷም ተናደደች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ቤት ሄደችና ከሟቹ ባለቤት አጠገብ ተቀመጠች።

"አዴ ደጊቱ፣ አልጋው ትኋን አለው። ለኦቦ ነገሳ ስሰጥም ነበረው።"

አሮጊቷ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም።

"እናውቃለን ልጄ። ገና የመጀመሪያው ዕለት ነው ያወቁት። እንመልሰው ስላቸው፣ 'የሺ ታፍራለች፣ ትንሽ ይቆይ' አሉኝ። መደቡም ስለሚበርዳቸው ወሩን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ግድግዳ ተደግፈው ነው ያደሩት።"

የሺወርቅ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። ከተጂ የመጡት ዘመዶች ሟቹን እንደ አባት ትወዳቸው ነበር ብለው አዘኑላት፤ ይህም አባሰባት።

ቤቷ ስትመለስ አልጋውን እየጎተተች ከአጥሩ አስወጥታ መንገዱ ዳር አቆመችው። ከዚያ ትልቁን ድስት ከምድጃ አንሥታ መጣች። ጌታቸው ከኋላዋ እየሮጠ፣ ሰው ያያል እኮ አላት።

"ይይ" አለችና የፈላውን ውሃ አልጋው ላይ አፈሰሰችው።