ወንፊቱ ያስቀረው

ወንድሜን ቁንጫ ብዬ የሰየምኩት እኔ ነኝ። ልጅ ሳለ አንድ ቦታ አርፎ አይቀመጥም ነበር። አሁን ጎልምሶ፣ ጸጉሩ ከፊት ሸሽቶ፣ ሌላ ከተማ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ከፍቶም ስሙ አለቀቀውም። የሚሠራቸው ፕሮግራሞችም እንደ ስሙ ናቸው፤ ትንንሽ፣ ቀላል፣ ከአንድ ሥራ በላይ የማያውቁ። «ከቁንጫ ሌጦ የምታወጣ አንቺን አየሁ» ይለኛል፣ አዲስ ነገር ሥራልኝ ባልኩት ቁጥር። ግን ይሠራልኛል።

የእኔ ሱቅ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ ነው። ሰው ማመልከቻ ያስጽፋል፣ ጉርድ ፎቶ ያስተካክላል፣ የተበታተነ ሰነዱን አንድ ፋይል አስደርጎ ይሄዳል። ትልልቆቹን ፕሮግራሞች የእኔ ኮምፒውተር አይችላቸውም። ስሙ ሽማግሌው ነው። ሲነሳ ያቃስታል፣ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ካዘዙት ያኮርፋል። ስለዚህ ቁንጫ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ አንድ ቀላል መሣሪያ ሠራልኝ፤ ስም ያወጣላቸውም ከእማ የስፌት ሣጥን ነው። እናታችን ልብስ ሰፊ ነበረች። ቪዲዮ የሚቆርጠው መቀስ ይባላል፣ ሰነድ የሚያያይዘው መርፌ፣ የፎቶ ልክ የሚያወጣው ሜትር።

ከወጥ ቤት የመጣው ወንፊት ብቻ ነው። ወንፊት ከተቀዳ ድምፅ ውስጥ ንግግሩን ያሳልፍና ዝምታውን ያስቀራል። ከሰው ንግግር ዝቅ ያለ ነገር ሁሉ ለእሱ ዝምታ ነው። የአንድ ሰዓት ትምህርት አርባ ደቂቃ ይሆንልኛል፤ እያዳመጥኩ ስጽፍ የሰው ማሰቢያ ጊዜ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። ቦታ እንዳይፈጅም የተነፋውን በዋናው ላይ ደርቦ ይጽፈዋል። እንደዚያ እንዲያደርግ ቁንጫን ጨቅጭቄ ያሳመንኩት እኔው ራሴ ነኝ። የራሷን ጉድጓድ የቆፈረች ማለት እኔ ነኝ።

እማ ከሞተች አሥራ አንድ ወር ሆናት። በመጨረሻው ዓመት ቤት ብቻዋን መዋል ስለሰለቻት ጠዋት ጠዋት ሱቅ ይዣት እመጣ ነበር። መስኮቱ ሥር ባለችው የእንጨት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ባለጉዳዩን ሁሉ ከአንገት እስከ እግሩ እያየች የኮቱን ስፌት ትታዘባለች። አንድ ቀን ስልኬን አጠገቧ አስቀመጥኩና «የመጀመሪያውን የስፌት መኪና እንዴት እንደገዛሽ ንገሪኝ» አልኳት። ሃያ ሁለት ደቂቃ ተቀዳ። ከድምፅዋ የቀረኝ ያ ብቻ ነው።

እማ ለመናገር አትቸኩልም ነበር። ቃሉን ለክታ ነው የምትቆርጠው። አንድ ነገር ትልና ዝም ትላለች፣ ጨረሰች ብለሽ ልትነሺ ስትይ ደግሞ ትቀጥላለች። በሕይወት ሳለች ይህ ነገሯ ያንገበግበኝ ነበር፤ አልዋሽም። ከሄደች በኋላ ግን የናፈቀኝ እሱ ነው። ታሪኩንማ በቃሌ አውቀዋለሁ። ያቺ ፋታዋ ናት አንጀቴን የምትበላው።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ሞልቶ ሊሞት ሲያጣጥር ቅጂዋን ወደ ሽማግሌው አሻገርኩና ከስልኩ አጠፋሁት። ያስቀመጥኩት ግን እጄ እንደለመደው የሥራ ፋይል የሚገባበት ፎልደር ውስጥ ነው። በማግሥቱ አንድ መምህር የትምህርት ቅጂዎች አመጣልኝ። እነሱንም እዚያው ከተትኩ፣ ወንፊትን ከፈትኩ፣ «ሁሉንም» የሚለውን ተጫንኩ። ምንም አላስታወስኩም። የለመደ እጅ ጭንቅላትን አያማክርም።

ዛሬ ጠዋት መምህሩ ሁለተኛውን ዙር አመጣ። ወንፊቱን አስነሳሁና፣ እሱ እስኪጨርስ ሱቁ ጭር ብሎ ነበርና፣ እማ ናፈቀችኝ። ቅጂዋን ከፈትኩ። ዘጠኝ ደቂቃ ይላል።

ያቺ ዝግተኛ እናቴ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ትሮጣለች። ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ላይ ትከምራለች። በየመሀሉ ደግሞ የእኔ ድምፅ አለ፤ «መጣሁ እማ» እላለሁ፣ ሳልጨርስ እሷ «እና እንዳልኩሽ» ትላለች። «መጣሁ እማ።» «እና እንዳልኩሽ።» እኔና እሷ እሽቅድምድም የገባን ነው የምንመስለው። እናቴን አልመስል አለችኝ። ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«አንተ ቁንጫ፣ ጉድ ሆኛለሁ።»

«ምነው እታለም? ሽማግሌው ተሰናበተ እንዴ?»

«እማን በወንፊት ነፋኋት።»

ቀልዱ ጠፋበት። «ስልክሽ ላይስ?»

«አጥፍቼዋለሁ። ቦታ የለም ብዬ... እኔ ድንጋይ ራስ!»

«ቆይ፣ አታልቅሺ። ስሚኝ። ወንፊቱ ያስቀረውን ወዲያው አይጥለውም። ቁራጭ የሚባል የተደበቀ ፎልደር አለው።»

«ምን? መቼ ነው ይህን ያደረግከው? ጣለው አላልኩህም?»

«ብለሻል። እማ ቁራጭ ጨርቅ ስትጥል አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔም መጣል አቃተኝ። አንቺን ፈርቼ ግን ሃያ ብቻ እንዲይዝ ነው ያደረግኩት። ሃያ አንደኛው ሲገባ የቆየው ይጠፋል። ከእማ በኋላ ስንት ነፋሽ?»

«ያኔ ዘጠኝ። ዛሬ ደግሞ አሥራ አምስት አስገብቼ...»

«አስገብቼ ማለት? አሁን እየሠራ ነው?»

ማያ ገጹን አየሁ። «አሥራ አንደኛውን ጀምሯል።»

«አቁሚው! ሳይጨርሰው አቁሚው!»

«አቁም» የሚለውን ተጫንኩ። ሽማግሌው አኮረፈ። ደግሜ ተጫንኩ። የፕሮግራሙ መስኮት ነጣ፣ የማውሱ ቀስት ደረቀ፣ ቁጥሩ ግን ይቆጥራል፤ ሰባ ከመቶ፣ ሰባ ስምንት ከመቶ። ጠረጴዛው ሥር በጉልበቴ ገባሁና ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት።

ሱቁ ጸጥ አለ። ቁንጫ በስልኩ ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማኛል። መልሼ ሰካሁት። እያቃሰተ፣ እያጉረመረመ፣ ምን አደረግኩሽ እያለ ተነሳ። ወንድሜ እየመራኝ የተደበቀውን ፎልደር አወጣሁት። ሃያ ፋይል። ከሁሉም በፊት የእማ፤ አሥራ ሦስት ደቂቃ።

«አለች» አልኩት።

«ተመስገን! በይ አሁን ወንፊቱን ከፍተሽ ‹መልስ› የሚለውን ተጫኚ። እያንዳንዱ ቁራጭ ሰዓቱ ተጽፎበታል፣ ራሱ ቦታ ቦታውን ይይዛል።»

«ቆይ» አልኩት። «መጀመሪያ ቁራጩን ብቻውን ልስማው።» ለምን እንዳልኩ አላውቅም። የናፈቀኝ እሱ ስለነበረ ይሆናል። ስልኩን ሳልዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ድምፁን እስከ ጥጉ ከፍ አደረግኩት።

መጀመሪያ ትንፋሿ መጣ። አፍንጫዋ ላይ የምታፏጨው ቀጭን ነገር እንኳ አለች። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እናቴ እንደገና ተመለሰችልኝ። ወንበሯ ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ ሌላ ነገር፣ ራቅ ብሎ፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚል።

የእኔ ኪቦርድ ነው።

ቀጭ ቀጩ አላቆመም። ኮፒ ማሽኑ አጉረመረመ፣ ወረቀት ተንኮሻኮሸ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። እንደገና ቀጭ ቀጭ። በዚህ ሁሉ መሀል የእማ ትንፋሽ አጠገቤ አለ፤ ጉልበቷን ስታሻሽ፣ ምራቋን ስትውጥ ይሰማል። አንዱን ቁራጭ ሰዓት አየሁበት፤ አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ሙሉ እኔ ስጽፍ እናቴ ቁጭ ብላለች። መጨረሻው ላይ፣ ወንፊቱ ከዝምታ የቆጠረው ሹክሹክታ አለ።

«ደክሟታል ልጄ።»

ለማንም አልነበረም ያለችው። ለራሷ ነው።

ያ ፋታ የእማ አመል ይመስለኝ ነበር። አሥራ አንድ ወር ሙሉ የናፈቀኝ ዝምታ፣ እኔን የጠበቀችበት ነው። «መጣሁ እማ» እላለሁ፣ አልመጣም። በነፋሁት ቅጂ ውስጥ ግን እንዳልኩ እመጣለሁ። ወንፊቱ ጥሩ ልጅ አድርጎኛል።

«እታለም?» አለ ስልኩ። «ምን አለበት?»

«ምንም። ትጠብቀኛለች።»

እሱም ሰምቶ ነበር መሰለኝ። «ከፈለግሽ አጭሩን እንተወው። እሱም እኮ የእሷው ቃል ነው። ማንም አያውቅም።»

ቁንጫ ለእኔ ሲል እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር አልወድም፤ አንጀቴን ይበላኛል። «አይ» አልኩት። «እማ ቁራጭ አትጥልም።» ደህና ዋል ብዬው ዘጋሁና «መልስ» የሚለውን ተጫንኩ። ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያኮርፍ ሠራ። ሃያ ሁለት ደቂቃ።

ድምፁን ከመጀመሪያው አስነሳሁና ከጠረጴዛው ተነስቼ መስኮቱ ሥር ሄድኩ። ከሞተች ጀምሮ ያቺ ወንበር የባለጉዳይ ናት፤ እኔ ተቀምጬባት አላውቅም። ዝቅ ያለች ናት። ከእሷ ላይ ሆኖ ሲታይ ኮምፒውተሩ ጋ የሚቀመጥ ሰው ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው።

እማ ስለ ስፌት መኪናዋ ጀመረች፣ ትንሽ ሄደችና ቆመች። «መጣሁ እማ» አልኩ ከስፒከሩ ውስጥ። ከዚያ ቀጭ ቀጩ ተነሳ።

እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት፣ «መጣሁ» ያለችውን ያቺን ጸሐፊ።