ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስምንት

የኬሚስትሪ መምህሩን ተማሪዎቹ «ጠመኔ» ይሉታል፤ እዚያው ክፍል የምትማረውን ሴት ልጁን ደግሞ «ጠመኒት»። እስቲ ይሄ ምን ያስቃል? እነሱን ግን ያስቃቸዋል፤ በተለይ ከኋላዋ የሚቀመጠውን ቀልደኛ። አስራ አንደኛ ክፍል ገብታ አባቷ አስተማሪዋ ሆኖ ሲመጣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር። «አባዬ፣ በሞቴ፣ መንገድ ላይ አብረን አንሂድ፤ ሰው ፊትም አባዬ አልልህም» ብላ ለመነችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ማዶውን ይዞ ብቻውን ይሄዳል።

ሰውየው ሰባተኛ ክፍል ሲያስተምር ነው ፀጉሩ የሸበተው። በስንት ልመና አስራ አንደኛን ለሙከራ ሰጡት። መምህራንን የሚገመግመው ሱፐርቫይዘር አንድ ቀን ክፍል ገብቶ ያየዋል፤ ከዚያ ወይ ክፍሉ ይጸናለታል ወይ ወደ ሰባተኛው ይመለሳል። ይህን ልጅቷ አሳምራ ታውቃለች።

አንድ ዘዴ ነበረው። ሆን ብሎ ሰሌዳው ላይ ስህተት ይጽፍና እጁን አጣምሮ ዝም ይላል። ዝም ካለ ስህተት አለ ማለት ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ስህተቱን የያዘው ተማሪ ይጨበጨብለታል። አንድ ጊዜ እሷ ያዘችው። ማን ያጨበጭብላት! «ቤት ነግሯት ነው!» አለ ቀልደኛው፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ እጇን አውጥታ አታውቅም።

ሱፐርቫይዘሩ የመጣ ቀን አባቷ ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ አስቀመጠ፤ ውስጡ በውሃ እጅግ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለ።

«በየትኛው አመልካች እንየው?» ሲል ጠየቀ።

«በፌኖልፍታሊን!» አለ ቀልደኛው።

«እሱማ ፒኤቹ ከስምንት ካላለፈ ቀለም አይሰጠንም። እኛ የምንፈልገው ሰባት አካባቢ የሚለይልንን ነው» ብሎ ብሮሞታይሞል ብሉ ጠብ አደረገበት። «አሲድ ሲሆን ቢጫ፣ ቤዝ ሲሆን ሰማያዊ፣ መሃል ላይ ሲሆን አረንጓዴ።» ብርጭቆው አረንጓዴ ሆነ።

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞሮ የአሲዱን መጠን አስር ፓወር ኔጌቲቭ ስምንት ብሎ ጻፈ፤ ከስሩም «ፒኤች = 8» አለና እጁን አጣምሮ ዝም አለ።

ወይ ጉድ! ከሰባት በላይማ ቤዝ ነው፤ አሲድ ስለቀጠነ ቤዝ ይሆናል እንዴ? ልጅቷ ገና ሲጽፈው ይዛዋለች። አሲዱ እንዲህ ሲያንስ ውሃው ራሱ ያለው ሃይድሮጅን አዮን አብሮ ይቆጠራል፤ ያኔ ፒኤቹ ከሰባት ለጥቂት ዝቅ ይላል እንጂ ስምንት የሚባል ነገር የለም። ክፍሉ ግን እንግዳውን ፈርቶ ጭጭ አለ። አባቷ ጠበቀ። ዓይኑ ወደ እሷ መጣ። ከኋላ «ጠመኒት፣ አባትሽን አውጪው እንጂ» የሚል ሹክሹክታ ሰማች፤ እጇ ጠረጴዛው ስር ቀረ።

«መምህር፣» አለ ሱፐርቫይዘሩ ብድግ ብሎ፣ «ብርጭቆው አረንጓዴ፣ ሰሌዳው ስምንት። ከአሲድ ቤዝ አወጡልን?»

«ሆን ብዬ ነው፤ ተማሪ እንዲይዘኝ።»

«ከተያዙ በኋላማ ሁሉም እንዲህ ይላል።» ሱፐርቫይዘሩ ፈገግ ብሎ ፊት ወንበር ላይ ወዳለችው ልጅ ዞረ። የማን ልጅ እንደሆነች አያውቅም። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ መምህራችሁ ሁልጊዜ እንዲህ ሆን ብለው እየተሳሳቱ ነው የሚያስተምሩት?»

አንድ «አዎ» ብቻ ነበር የሚፈለገው። አንድ ቃል!

«አላውቅም» አለች።

አባቷ አላያትም። ዳስተሩን አነሳና ስምንቱን አጠፋው። «ተሳስቻለሁ» አለ፤ «የውሃውን ሃይድሮጅን አዮን ዘንግቼ ነው።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሷን የገደላትም ይኸው ነው። ቀልደኛው እንኳ አልሳቀም።

ለምሳ ሲወጡ ወሬው ደርሷል፤ ጠመኔ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሰባተኛ ክፍል ተመልሷል። ልጅቷ ምሳዋን አልቀመሰችም። ፊቷ እንደጋለ ዋለ፤ ማንም ባያያትም ሁሉም የሚያያት መሰላት።

ሲለቀቁ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ቀልደኛውና ጓደኞቹ እዚያው ተኮልኩለዋል። አባቷ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ፤ አያት፤ ከዚያ እንደ ስምምነታቸው መንገዱን ተሻግሮ ማዶውን ይዞ መሄድ ጀመረ። «ምን ዓይነት ልጅ ነኝ እኔ?» አለች በልቧ።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች። ልጆቹ ሁሉ ዞሩ። «አባዬ፣ ጠብቀኝ!»

መኪናውን ሁሉ እየሸሸች ሮጣ ደረሰችበትና ክንዱን ያዘች። እሱ ደንግጦ ከትከሻዋ በላይ ወደ ልጆቹ አየ፤ ከዚያ ክንዱን ቀስ አድርጎ ከእጇ አስለቀቀ።

«ቀስ በይ እንጂ የኔ ልጅ» አላት፤ «ጓደኞችሽ ይሰሙሻል።»