አየር ላይ የጠበቀ ቡሎን

ቂመኛ ነኝ፤ አልክድም። አንድ ሰው እጄ ላይ እንዲወድቅ አሥራ አራት ዓመት ጠብቄያለሁ። ማክሰኞ ጠዋት በገዛ እግሩ ጋራዤ መጣ።

የድሮ አለቃዬ ነው። ሙያ ያስተማረኝም፣ በሰው ፊት ያባረረኝም እሱ። የሠራሁት መኪና እየተንቀጠቀጠ ሲመለስበት ደንበኞቹ መሃል አቁሞኝ፣ «ይሄ ችኩል ሰው ሊፈጅብኝ ነው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ስሜ «ችኩሉ» ሆኖ ቀረ። የራሴን ጋራዥ ስከፍት እንኳ ስሙ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። የመኪናውን ቁልፍ ከሰጠኝ በኋላ ማን እንደሆንኩ ሲሰማ መልሶ የወሰደብኝ ደንበኛ አለ።

ሴት ልጁ እየነዳች፣ እሱ ከጎኗ ተቀምጦ፣ ቀለሙ የተላላጠ አሮጌ ሚኒቫን ይዘው ገቡ። እኔ ራሰ በራ ሆኜ፣ ቦርጭም አውጥቼ ስለነበር አላወቀኝም። ደስ አለኝ።

«መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ግን ደስ ሲለው ነው» አለች ልጁ። «ሁለቴ የጎማ ባላንስ አሠራን፣ ጎማም ቀየርን። ለመካኒክ ላሳይ ስል ጨዋ ይሆናል። ሦስት ልጆች የማመላልስበት መኪና ነው፤ ፈራሁ።»

«ጎማ ነው አልኩሽ እኮ» አለ አባትየው።

ብቻዬን ነዳሁት። ምንም የለም።

«ሲንቀጠቀጥ ውስጡ ስንት ሰው ነበር?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ልጆቹም፣ አባዬም… ሁሌ ሞልቶ ነው።»

ሦስት ሠራተኞቼን ከኋላ ጫንኩ፤ ቀለም ቀቢያችን ብቻውን ሁለት ልጅ ያክላል። አባትና ልጅም ገቡ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን በስሱ ስነካው መሪው እጄ ላይ ተንዘፈዘፈ። ጠበቅ አድርጌ ስረግጠው ተወ።

«ጎማ ቢሆን በፍጥነት ነበር የሚነሳው። ይሄ በፍሬን ነው የሚነሳው» አልኩ።

ተመልሰን መኪናውን ጉድጓዱ ላይ አቆምኩና ከሥሩ ገባሁ። የፊት ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን ክንድ በረጅም ብረት ስፈነቅለው ወዲያ ወዲህ አለ። መጋጠሚያው ውስጥ ያለው ላስቲክ ዙሪያውን ተቀዷል። ላስቲኩ ደግሞ አዲስ ነው! መኪናው በክሪክ ተሰቅሎ፣ ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ቡሎኑ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀራል። ከዚያ ቀን በቀን ይቀደዳል።

እንደዚያ ማጥበቅ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። «ሳታወርደው ጨርስ፤ መሬት ከነካ በኋላ እጅ አያስገባም» ይለን ነበር። በተባረርኩበት መኪና ላይ የቀየርኩትም ይህንኑ ላስቲክ ነበር። ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ የራሴን ደንበኛ ሁለቴ ካስቀየምኩ ወዲህ ነው።

«ይሄን ማን ቀየረው?» ብዬ ከታች ተጣራሁ።

«እኔው በገዛ እጄ!» አለ በኩራት።

«በክሪክ እንደተሰቀለ ነው ያጠበቁት?»

«ታዲያ እንዴት ሊሆን ኖሯል?»

ወጣሁ። ሠራተኞቼን ሁሉ ሰበሰብኩ። «ጋሼ፣ አላወቁኝም አይደል? ችኩሉ ነኝ።»

ልጁ ቀደመችው። «ውይ! ልጆቹ ሲጣደፉ ‹እንደ ችኩሉ ሰው እንዳትፈጁ› የምንላቸው… አንተ ነህ?»

ደሜ ፈላ። ቤታቸው ውስጥ እንኳ መሰደቢያ ሆኛለሁ። አንድ በአንድ አስረዳኋት፤ እሷንም ጉድጓዱ ውስጥ አውርጄ የተቀደደውን ላስቲክ አሳየኋት። «እኔን ያባረረኝ በዚህ ነው። የአንቺን ልጆች የጫነውም በዚሁ ላይ ነው።» የአለቃዬ ፊት አመድ መሰለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«አላወቅኩም ነበር» ቢል ይበቃኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ያኔውኑ እተውለት ነበር።

እሱ ግን ጎንበስ ብሎ፣ «አንተ ከሄድክ በኋላ ያንን መኪና ራሴ ደግሜ ሠራሁት» አለ። «በወሩ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ጥፋቱ ያንተ እንዳልነበር ግን ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጠሩኝም?»

«በሰው ፊት ሰድቤህ… እንዴት ብዬ ቃሌን ልመልስ?»

ላስቲኩን ቀየርኩ፤ መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ሠራተኞቼ ውስጡ ተቀምጠው፣ ቡሎኑን ያኔ አጠበቅኩ። ለልጆቹ ስል ነው።

ሊሄዱ ሲሉ አለቃዬ እጁን ዘረጋ። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

እጄ ቅባት ስለሚሆን ደንበኛ ሲጨብጠኝ ክንዴን ነው የምሰጠው። ለእሱ ግን ክንዴንም አልሰጠሁትም። እጁን እንደዘረጋ ቆመ።

ልጁ ሞተሩን አስነሳች። «አባዬ፣ ግባ» አለችው ፊቷን ሳታዞር። «ስለ ችኩሉ ለልጆቹ ምን እንደምትነግራቸው መንገድ ላይ ታስብበታለህ።»