ግብጦ በሦስት ቀን

መቅዲን ያሳመማት ግብጦው ነው። ግብጦው መራራው ሳይለቀው ከወንዝ እንዲወጣ ያጣደፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ከዚህ ውጭ በደብረ ማርቆስ የሚወራው ሁሉ ውሸት ነው። የሚወራው ግን እሱ ነው።

አቶ ፈንታ የጠሩኝ ለአዲሱ የሆቴላቸው አዳራሽ ነበር። ትልቁን ግድግዳ አሳዩኝና "የአገራችንን ምግብ ሳዪልኝ፤ ሰው ገና ከበር ሲገባ ምራቁ ይምጣ" አሉኝ። ሥነ ጥበብ ተምሬ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በነዚያ ሁለት ዓመታት የሳልኩት የመዋዕለ ሕፃናት አጥርና የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ስለሆነ ሁለቴ አላሰብኩም።

እኔ ከፎቶግራፍ አልስልም። ስልክ ላይ ያለ ወጥ እንፋሎት የለውም፤ ቅቤው ዳር ዳሩን ሲረጋም አይታይም። ስለዚህ የሆቴሉ ወጥ ሠሪ ታየች በየቀኑ አንድ ምግብ ሠርታ ከፊቴ ታስቀምጣለች፣ እኔም ሁለት ሦስት ሰዓት አፍጥጬበት እውላለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ዶሮ ወጥ ነበር። ድስቱን አስቀምጣ ሰፌዱን በእጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

"ልክደነው?"

"ተከድኖ እንዴት ይሳላል፣ እትዬ?"

"እንግዲህ እመቤቴ ትጠብቀን" አለችና የአዳራሹን መስኮቶች አንድ በአንድ ዘግታ ወጣች። ከዚያ በኋላ መስኮት ሳትዘጋ ምግብ ገልጣ አታውቅም። በአምፖል መብራት መሳል አልወድም፤ ግን ጊዜ ስላልነበረኝ መሳሌን ቀጠልኩ።

በሦስተኛው ቀን ከጓሮ በኩል ስወጣ የሳልኩት ዶሮ ከነድስቱ ለውሻ ተገልብጦ አየሁ። እንቁላሎቹ እንኳ አልተነኩም ነበር።

"ቀዝቅዞ ነው" አለችኝ ታየች፣ ዓይኔን ሳታይ።

ውሻው በልቶ ምንም አልሆነም። ይህን የታዘበ ሰው ግን የለም።

ለምን እንደሆነ አላጣሁትም። እናቴ ወለተ ሰንበት አምበር ገበያ ላይ ሸክላ ትሸጣለች። ድስቷን ሁሉም ይገዛል፤ ከአጠገቧ ተቀምጦ የሚበላ ግን የለም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ያረፈበት ምግብ ያሳምማል፣ ዓይኑ ያረፈበት ልጅ ይበላል። ዩኒቨርሲቲ ሳለን በዚህ ጉዳይ ሃያ ገጽ ወረቀት የጻፈ ልጅ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ጎረቤት ስገባ መሶብ ሲከደን እያየሁ ስላደግኩ ሃያ ገጹን አላነበብኩትም።

ቀኑ ገፋ። ገንፎው ከነቅቤው፣ ድፎ ዳቦው፣ ስልጆው፣ ከመርጡለ ማርያም የመጣው ማር ተራ በተራ ግድግዳው ላይ ወጡ። አዳራሹ እሑድ ሊመረቅ ነው። የቀረው በስተቀኝ ጥግ አንድ ክፍት ቦታ ነበር። አቶ ፈንታ "ግብጦ የሌለበት ምን ጎጃም ነው?" ብለው ጨመሩት። ረቡዕ ከሰዓት ማድ ቤት ገባሁ።

"ግብጦውን ነገ ጠዋት አምጪልኝ።"

"ነገ?" ታየች ማማሰያዋን አስቀመጠች። "ሰኞ እኮ ነው ቆልቼ ወንዝ የከተትኩት። ግብጦ ሳምንት ይፈልጋል። መራራው ካልወጣለት ያሰክራል፣ ዓይን ያጨልማል።"

"እኔ አልበላውም። እስለዋለሁ።"

"ለሥዕል ከሆነማ" ብላ ሳቀች። "ግድግዳ አይሰክር!"

ሐሙስ ጠዋት ግብጦውን በሳህን ከምራ አመጣችው። ለሥዕሉ ቀይ ቀለም ስለፈለግኩ በርበሬና ጨው ነሰነሰችበት። ስምንት ዓመት የሆናት ልጇ መቅዲ ትምህርት ስላልነበራት ተከትላት መጥታ ከጠረጴዛው ሥር ተቀመጠች። ታየች ልጇን አትብዪ አላለቻትም። እኔ ያየሁትን ምግብ ማንም አፉ ላይ እንደማያደርገው እርግጠኛ ነበረች። ልጅቷ ግን መፍራት ገና አልተማረችም።

አንድ ሰዓት ያህል ስስል ክምሩ አልያዝልኝ አለ። ከላይ ሾጠጥ ብሎ የነበረው ጠፍጣፋ ሆነ። ብርሃኑ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ አረምኩት። ቀና ስል መቅዲ ታኝካለች። ፊቷን ጨምድዳ፣ መራራውን እንደ ጨዋታ ይዛው፣ ታኝካለች።

"አትንኪ! ክምሩን አበላሸሽብኝ እኮ!" ብዬ ጮህኩባት።

ሮጣ ወጣች። ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ክምሩ ነበር፤ ስለ ልጅቷ አልነበረም። ተናድጄ ጥጉን በነጭ ቀለም አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከግቢው ጩኸት ሰማሁ። መቅዲ ማድ ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተጋድማለች። ከንፈሯ ደርቆ ተጣብቋል። የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ ዓይኗ እንዳለ ጥቁር ሆኗል። በእጇ አየሩን ትዳስሳለች፤ እናቷ ላይዋ ተደፍታ እያለች "እማዬ የታለሽ?" ትላለች። የታየች ወንድም ውበቱ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ከራስጌዋ ቆሟል። አስተናጋጆቹና ምሳ የሚበሉት ሰዎች ከበዋታል።

"ማን በላሽ? ተናገሪ!" ይላታል። "ማን ነው የበላሽ?"

"ሠዓሊዋ..."

"ሠዓሊዋ ምን?"

"አትንኪ አለችኝ።"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አንዲት ሴት የያዘችውን ሳህን ነጠላዋ ሥር አስገባችው።

"ግብጦ በልታ ነው" አልኩ። "ሳይነጻ የወጣ ግብጦ ነው፣ መርዝ ነው። ሐኪም ቤት ውሰዳት፣ አሁኑኑ!"

"ግብጦ ስንበላ ነው ያደግነው" አለ ውበቱ። "የማናችን ዓይን ጠፋ?"

"ሦስት ቀን ብቻ ነው ወንዝ ውስጥ የቆየው። ያስቸኮልኳት እኔ ነኝ። እትዬ ታየች፣ ንገሪው!"

ታየች አፏን ከፈተች። ወንድሟን አየች፣ ልጇን አየች። "እኔ የሰጠኋት ነገር የለም" አለች። ይህም ውሸት አልነበረም።

"ባጃጁን አስነሳ" አልኩት።

"መጀመሪያ ትፊባት። ሳትለቂያት ብወስዳት መንገድ ላይ ትቀርብኛለች። የሸክላ ሠሪዋ የወለተ ሰንበት ልጅ መሆንሽን ያላወቅን መስሎሻል?"

የተፋ ሰው አምኗል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አውቀዋለሁ፤ አምበር ላይ አንዲት ሴት ተፍታ፣ ልጁም ድኖ፣ በዓመቱ ቤቷ ተቃጥሏል። ሐኪም ቤቱ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው። ከዚህ ሰው ጋር መከራከር ከዚያ በላይ ይፈጃል። መቅዲ አየሩን መዳሰስ አቁማለች።

"ባጃጁ ላይ አውጣት" አልኩ። "ሞተሩን አስነሳ። ያኔ እተፋለሁ።"

አወጣት፣ አስነሳ። ግንባሯ ላይ ሦስት ጊዜ እንትፍ አልኩባት። ቢያንስ ሠላሳ ሰው አየኝ፤ አንዱ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ ነበር። ታየች ልጇን አቅፋ ስትቀመጥ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብዬ "ለሐኪሙ ግብጦ በይው" አልኳት። ባጃጁ ሄደ።

መቅዲ ዳነች። ዓርብ ከሰዓት ዳቦ ስጡኝ ማለቷን ሰማሁ። እኔ ሳልፍ ግን ሰዎች ከመንገድ ይወጡ ነበር። "ተፍታ ለቀቀቻት" ይላል ከተማው፤ ቪዲዮው ከእኔ ቀድሞ በየቤቱ ገብቷል። እናቴ ደውላ "ገበያ አልወጣሁም" ብቻ ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ ጠዋት ጥጉን ልጨርስ አዳራሹ ገባሁ። ብዙም ሳልቆይ አቶ ፈንታ አንዲት ሴት አስከትለው መጡ። በጋቢ የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፋለች።

"ከደጀን በማለዳው አውቶቡስ ነው የመጣችው" አሉ። "ልጇ አልጠባ ብሏል። እንትፍ በይላትና ትሂድ። ምን ይቀርብሻል?"

ሴትዮዋ ከእግሬ ሥር ተንበረከከች። ፊቴን አላየችም። "አንቺ ከሆንሽ የበላሽው ልቀቂልኝ" አለች። "አንቺ ካልሆንሽም ዘመዶችሽን ጠይቂልኝ።"

እጄን ጋቢው ውስጥ ሰደድኩ። ሕፃኑ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ትንፋሹ አጭር ነው። "ይህ ልጅ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይሂድ" አልኩ።

"ከዚያ እንሄዳለን" አለች። "መጀመሪያ አንቺ።"

ከመስታወቱ በር ውጭ፣ ዋናው መግቢያ ላይ፣ ሦስት ወንዶች ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ባሏና ወንድሞቹ መሆናቸውን አቶ ፈንታ ነገሩኝ። አይነጋገሩም። የሚያዩት እኔን ነው።

"ጋሼ ፈንታ፣ ብተፋና ቢድን ነገ አሥር ሴት ይመጣል" አልኳቸው። "ብተፋና ቢሞት እነዚያ ይገባሉ። ባልተፋም ይገባሉ። ይታይዎታል?"

ያን ጊዜ ታየች ባዶ ሳህኖች ልታነሳ በማድ ቤቱ በር ገባች። ከሐሙስ ወዲህ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ሄጄ ክንዷን ያዝኳት።

"ንገሪያቸው። ለሐኪሙ የነገርሽውን፣ ግብጦ ነው ያልሽውን። ጥፋቱን በእኔ ላይ አድርጊው፤ ሳምንት ይፈልጋል ብለሽኝ ነበር፣ አልሰማ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ቀስ በይ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ወንዙ ውስጥ የከተተውም ያወጣውም የእኔ እጅ ነው። ከተለያየን ወዲህ የመቅዲ አባት ሊወስዳት ሦስት ዓመት ሙሉ ምክንያት ሲፈልግ ኖሯል። ልጄን መረዝኩ ልበልለት?"

"እኔንስ ምን ያድርጉኝ?"

"አንቺ የተማርሽ ነሽ። አዲስ አበባ ትሄጃለሽ።"

"እናቴስ?"

ከጠረጴዛው አንድ ሳህን አነሳች።

"ታየች" አሉ አቶ ፈንታ ጠጋ ብለው፣ "ስለ ምን ግብጦ ነው የምታወሩት?"

ሴትዮዋም ከወለሉ ቀና ብላ ጠበቀቻት። ከውጭ ከቆሙት አንዱ የመስታወቱን በር እጀታ ያዘ። ታየች ግድግዳውን አየች፤ ሕፃኑን አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ አሁን ትናገራለች ብዬ ክንዷን ለቀቅኩላት።

"ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት" አለች። "ያርርብኛል።"

ሳህኖቹን ደራርባ አቀፈች። በማድ ቤቱ በር ወጣች፤ በሩንም በክርኗ ገፍታ ዘጋችው።