የእጅ መርፌ፣ የመኪና መርፌ

«ጨረስሽ?» አለ ልብስ ሰፊው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ።

«አልጀመርኩም» አለች እህቱ።

«ታዲያ ምንድን ነው ያመመኝ?»

«ጥጥ ነው። ጥጥ አይወጋም።»

ይህ ንግግር ሳይለወጥ ሦስት ወር ሆኖታል። ስኳር በሽታው በኪኒን አልመለስ ብሎ ሐኪሙ ኢንሱሊን ካዘዘለት ቀን አንሥቶ፣ ታላቅ እህቱ በየዕለቱ ሁለት ጊዜ፣ ከቁርስና ከእራት በፊት፣ ሁለት መንገድ ተሻግራ ትመጣለች። ብልቃጡን ከማቀዝቀዣው ታወጣለች፤ በሲሪንጁ ላይ አሥራ ስምንት መስመር ቆጥራ ትቀዳለች፤ ወንድሟ ሸሚዙን ገልጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ሲጠብቅ ትወጋዋለች። ወደምትሠራበት መዝገብ ቤት ስትደርስ ባልደረቦቿ ሻያቸውን ጠጥተው ጨርሰዋል። በእነዚህ ሦስት ወራት አንድ ቀን እንኳ ትኩስ ሻይ አልቀመሰችም።

ሰውየው መርፌን የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ በተገባው ነበር። ነገር ግን አርባ ዓመት የኖረው በመርፌ ነው። የሰፈሩ ሰው «ሚሊሜትር» ብሎ ይጠራዋል፤ የደንበኛውን ሁለት ትከሻ ለክቶ፣ አንዱ ከሌላው የስንዴ ቅንጣት ታህል ዝቅ ማለቱን ሳይነግረው አይለቀውምና። አራት እስፒል በከንፈሩ ነክሶ ወሬ ያወራል። መርፌ ጣቱ ላይ ቢሰካ፣ ነጩን ጨርቅ ደም እንዳይነካው እጁን ያሸሻል እንጂ ትንፍሽ አይልም። ያው መርፌ ከጨርቅ ወደ ገዛ ሆዱ ሲሻገር ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ጥፋቱ በከፊል የቋንቋችንም ሳይሆን አይቀርም፤ ለሚሰፋውና ለሚፈውሰው መሣሪያ አንድ ስም ሰጥተን፣ ለሥራቸው ግን ሁለት ግሥ አበጀን። አንደኛው ይሰፋል፣ ሁለተኛው ይወጋል። ሰውየው መስፋት እንጂ መውጋት አልተማረም።

ሰኞ ጠዋት እህቱ ያገለገለውን ሲሪንጅ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ከታ ክዳኑን አጠበቀች።

«ሐሙስ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሄዳለሁ» አለችው። «ልጄ እስክትወልድ ከአልጋ እንዳትነሣ ሐኪም አዟታል። ባሏ ለሥራ ርቆ ነው ያለው። የአንድ ወር ፈቃድ ወስጃለሁ።»

«ደግ አደረግሽ። እናት አይደለሽ እንዴ፤ ሂጂ እንጂ» አለ፣ ሸሚዙን ወደ ሱሪው እየከተተ። ቀበቶውን አጥብቆ ሲጨርስ ቀና አለ። «እኔንስ ማን ይወጋኛል?»

«አንተ።»

«እትዬ፣ ሰው ራሱን ይወጋል?»

«ይወጋል። አትክልት ሻጯ ባልቴት በአንድ ዓይኗ ራሷን ትወጋለች።»

«እሷማ ለምዳዋለች።»

«ልማዱ ከሰማይ ወረደላት?»

ጥቂት አሰበ። «ባለ ፋርማሲው ይወጋኛል። ወዳጄ ነው፤ ሱሪውን ሁሉ የሰፋሁለት እኔ ነኝ።»

«እሁድ ይዘጋል።»

«እሁድ ብቻ እኮ ነው።»

«እሁድ እሁድ ስኳርህ ያርፋል?»

«ልጅቷስ ለምን እዚህ አትመጣም? ቤቱ ሰፊ ነው።»

«ከአልጋ አትነሣም አልኩህ።»

«ተኝታ ትምጣ።»

እህቱ ቦርሳዋን አንሥታ፣ መልስ ሳትሰጠው ወጣች። መልሱን ሁለቱን መንገዶች እስክትሻገር ድረስ ብቻዋን እየተናገረች ሄደች። ከሁሉ ይልቅ ያናደዳት ግን የወንድሟ ነገር አልነበረም። ፍርሃት እንግዳ ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ወንበር ከሰጡት ግን ባለቤት ይሆናል። ወንበሩን እየጠረገች ያቀረበችው ማን እንደሆነች ደግሞ ታውቃለች። በየማለዳው ከእርሱ ጋር ከመሟገት መውጋቱ ይቀላት ስለ ነበር ወጋች፤ ደግነት ብላ የጠራችው ነገር ከግማሽ በላይ ስንፍና ነበር።

ማክሰኞ ከሥራዋ አስፈቅዳ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰደችው። በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተራ ጠባቂው ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ተቀምጧል። ነርሷ ወጣት ናት፤ ከመሳቢያዋ ብርቱካን አውጥታ በጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ሆድ ነው» አለችው።

«የእኔ እንኳ እንዲህ አልከበበም።»

«ቆዳውን በሁለት ጣትዎ ቆንጠጥ ያደርጋሉ። መርፌውን እንደ እርሳስ ይዘው ያስገባሉ። መድኃኒቱን ይገፋሉ፤ እስከ አሥር ቆጥረው ያወጣሉ። በቃ።»

ልብስ ሰፊው ውሃ የተሞላውን ሲሪንጅ ተቀበለና ብርቱካኑን ስድስት ጊዜ ወጋው። «ገበሩ ወፍራም ነው» አለ ስለ ልጣጩ፣ እንደ ባለሙያ ራሱን እየነቀነቀ። ነርሷ እንዲህ ያለ የማይንቀጠቀጥ እጅ አይታ እንደማታውቅ መሰከረች።

«ብርቱካን ላይማ ማን ፈሪ አለ» አለች እህቱ።

ነርሷ ሌላም ነገር ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ነገር ግን ቀጣዩ ታካሚ በሩን ገፍቶ ገባ። ብርቱካን እንደማይቆነጠጥ፣ ስለዚህም የትምህርቱ ግማሽ ሳይለመድ እንደ ቀረ፣ ከሦስቱ አንዳቸውም ልብ አላሉም።

ረቡዕ ጠዋት እህቱ እጇን ላለማንሣት ለራሷ ቃል ገብታ፣ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊው እጁን በሳሙና ታጠበ። አሥራ ስምንቱን መስመር ቀዳ፤ የአየሩን አረፋ በጣቱ ጥፍር እየመታ አስወጣ፤ እስከዚህ ድረስ ሥራው እንከን አልነበረውም። ሸሚዙን ገልጦ ከእምብርቱ አጠገብ ቆንጠጥ አደረገ። መርፌውን ግን ወደ ሆዱ አላስጠጋም።

«ሻይህ ቀዘቀዘ» አለችው ከብዙ ጊዜ በኋላ።

«አታጣድፊኝ።»

«ሦስት ወር ቀዝቃዛ ሻይ ስጠጣ ማንም አላጣደፈህም።»

«ወደዚያ ዙሪ። ስታዪኝ እጄ እንቢ ይላል።»

ዞረች። በመስኮቱ በኩል አንዲት ሴት ምንጣፍ ስታራግፍ አየች፤ ሴትዮዋ ምንጣፉን አራግፋ፣ ጠቅልላ ገባች። ከዚያ ከኋላዋ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«ወጋሁ» አለ።

ስትዞር ፊቱ እንደ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ በርቷል። የቆነጠጠው ቆዳ አሁንም በሁለቱ ጣቶቹ መካከል ነው። መርፌው በአንዱ ወገን አጋድሞ ገብቶ፣ ጫፉ በሌላው ወገን ብቅ ብሏል። መድኃኒቱም በወጣበት በኩል ፈስሶ የሱሪውን ጭን አርሷል።

እህቱ ብድግ አለች። «ምን አደረግክ?»

«እንደ ታዘዝኩት ነዋ።»

«ሱሪህን አከምከው እኮ። ሱሪህ ስኳር አለበት?»

ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ በቀስ ጠፋ። «ቆንጠጥ አድርግ አለችኝ። ቆንጥጠሽ የከተትሽው መርፌ በዚያኛው በኩል መውጣት አለበት። አርባ ዓመት እንደዚህ ነው የማውቀው።»

«ራስህን ዘመዘምክ።»

«ስፌቱ እንኳ ውብ ነበር» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ መርፌውን እያወጣ።

ለነርሷ ስልክ ደወለች። ነርሷ የሆነውን ሰምታ ስልኩን ከአፏ አርቃ እንደ ሳቀች ያስታውቅ ነበር። ከዚያ ድምፅዋን አስተካክላ፣ ምን ያህል መድኃኒት እንደገባ ስለማይታወቅ ደግመው እንዳይወጉ፣ ስኳሩን እየለኩ እስከ ማታው መርፌ እንዲጠብቁ አጥብቃ አዘዘች። እህቱ የዚያን ቀንም ወደ መዝገብ ቤቱ አርፍዳ ገባች። ምክንያቱን የጠየቃት አለቃዋ ነበር፤ «ወንድሜ ራሱን ዘምዝሞ» ብትል ማን ያምናታል፤ ስለዚህ «ታምሞ» ብላ አለፈች።

ማምሻውን ስትመጣ ወንድሟን በልብስ መስፊያው ክፍል አገኘችው፤ ይህ የቤቱ የፊት ክፍል ነው። የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ ጥቁር ሱሪ ይሰፋል። ብልቃጡንና ሲሪንጁን በጠመኔውና በመቀሱ መካከል አኖረችለት። በዚህ ጊዜ ስልኳ ጠራ። አሮጌ ስልክ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ካልተከፈተ አይሰማም።

«እማዬ» አለች ልጅቷ፣ «አጎቴ እንዴት ሆነ?»

«ደህና ነው። ይማራል።»

«ካልቻለ አትምጪ። እሱን ጥለሽ እንዳትመጪ። እኔ እችላለሁ።»

ሁለቱም ሰሟት። «እችላለሁ» የሚለውን ቃል ሰው የሚናገረው በሁለት መንገድ ነው፤ ልጅቷ የተናገረችው በማይችለው ሰው መንገድ ነበር። እህቱ «እደውልልሻለሁ» ብላ ዘጋችና ስልኩን በእጇ እንደያዘች ቀረች። የመኪናው ድምፅ ቆሞ ነበር። ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አላያትም፤ እንደገና መርገጫውን ረገጠ።

«ልደውልላትና አልመጣም ልበላት?» አለችው። አልተቆጣችም፤ ድካሟ ከቁጣ አልፎ ነበር። «ንገረኝ። ዛሬ ካልሆነ ነገ ጠዋትም አይሆንም። አውቶቡሱ አይጠብቀኝም፤ እሷም አልጋ ላይ ናት።»

መኪናው ብቻ ይንቀጠቀጣል። እህቱ የምታየው ሌላ ነገር ስላልነበራት መርፌውን ታይ ጀመር፤ በጥቁሩ ጨርቅ ላይ ሲወርድ፣ ሲወጣ፣ ሲወርድ።

«ይሄ መርፌ በዚያኛው በኩል ይወጣል?» አለች ድንገት።

«የቱ?»

«ፊትህ ያለው።»

«የመኪና መርፌ ነው እኮ። በገባበት ይመለሳል።»

«አጋድሞ ነው የሚገባው?»

«ቀጥ ብሎ ነው እንጂ። ቢያጋድል ይሰበራል።»

«ያመነታል?»

«መኪና ምን ያመነታል» አለ ተሰላችቶ። «የሚያመነታው እግሬ ነው።»

ይህን ብሎ እግሩን ገታ። መርፌው አየር ላይ ቆመ። ልብስ ሰፊው ለጥቂት ጊዜ መርፌውን፣ ቀጥሎም እግሩን ተመለከተ። ከዚያ ሱሪውን ከመኪናው አወጣ፤ ክሩን ነቀለ። እጁን ታጥቦ ተመለሰ፤ መድኃኒቱን ቀዳ፤ ሸሚዙን ገልጦ ቆዳውን ቆንጠጥ አደረገ። ሲሪንጁን በሆዱ አንጻር ቀጥ አድርጎ ያዘና ባዶውን መኪና ይረግጥ ጀመር።

እህቱ ዞር ልበል አላለችም፤ እርሱም ዙሪ አላላትም። ዓይኑ ከመኪናው መርፌ ላይ አልተነሣም። እግሩ በለመደው ልክ ወጣ፣ ወረደ። በስንተኛው እርግጫ እንደሆነ እርሱም ራሱ አያውቅም፤ የመኪናው መርፌ ሲወርድ እጁም አብሮ ወረደ። መድኃኒቱን ገፋ። በእግሩ አሥር ስፌት ቆጠረ። በገባበት አወጣ። ሱሪው ላይ አንዲት ጠብታ አልነበረችም።

ልብስ ሰፊው ሆዱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፤ ግራ የተጋባ ይመስል ነበር።

«አያምም እኮ» አለ።

«አዎ፣ አያምም። ሦስት ወር ሙሉ የነገርኩህ ይሄንኑ ነው።»

«ታዲያ ስታሳምሚኝ የነበርሽው አንቺ ነሻ። እጅሽ ከባድ ነው እትዬ።»

እህቱ የብልቃጡን ክዳን አጸዳች፤ ሲሪንጁን በጠርሙሱ ውስጥ ከተተች፤ ጠርሙሱንም ከሚገባው በላይ በኃይል ዘጋችው። «እራትህን ብላ» አለችው። ሌላ የምትለው ብዙ ነበራት፤ ነገር ግን ሻንጣዋን ገና አላዘጋጀችም።

ሐሙስ ማለዳ በአውቶቡስ መናኸሪያው ቆማ ደወለችለት። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ አልተነሣም። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ፤ ረዳቱ ትኬቷን ጠየቃት። ደግማ ደወለች። አንድ እግሯ ከአውቶቡሱ መወጣጫ ላይ፣ ሁለተኛው ከመሬት ላይ ነበር፤ የትኛውን እንደምታነሣ ገና አልወሰነችም።

«ምነው እንዲህ ታስጨንቂኛለሽ» አለ ድምፁ። «ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለኝ፤ ቆይ።»

ስልኩን አንድ ቦታ ሲያስቀምጠው ተሰማት። ከዚያ የስፌት መኪናው ድምፅ መጣ፤ ቀስ ብሎ፣ በልክ። አንድ ጊዜ እንኳ ልክ ሳይስት ዘለቀ። እርሷም ከሞተሩ ጩኸት በታች አብራ ቆጠረች፤ አሥር ላይ ስትደርስ መኪናው ዝም አለ።

«ገባ» አለ ልብስ ሰፊው።

«በዚያኛው በኩል አልወጣም?»

«አትቀልጂ።»

«በል ቁርስህን ብላ» አለችና መሬት ላይ የነበረውን እግሯን አነሣች። በመስኮቱ በኩል መቀመጫ አግኝታ ስትቀመጥ ድምፁ አሁንም አልተቋረጠም።

«እትዬ፣ ልጅቷን እንዳትፈራ ንገሪያት። ፍርሃት ማለት ምን መሰለሽ፤ ሰው ራሱ የሚፈጥረው ነገር ነው። ቆራጥ ከሆንሽ…»

ስልኩን ዘጋችው። ረዳቱ በትልቅ ፔርሙስ ሻይ ይዞ በመቀመጫዎቹ መካከል ይመጣ ነበር፤ አንድ ኩባያ ቀድቶ ሰጣት፤ ትኩስ ነበር።